የ1978ቱን ዳርዝ ቬደር ስትመዝኑ ከሰይፉ ጀምሩ

አሮጌ የዳርዝ ቬደር ፊገር (የስታር ዎርስ ፊልሙ ጥቁር ለባሽ ገጸ ባሕርይ ትንሽ አሻንጉሊት) እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። የራስ ቁሩ ያብረቀርቃል? ተጭሯል? ቀለሙ አለ? ከዚያ በቀጥታ ዋጋ ወደ መገመት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ኬነር ይህን ፊገር ከ1978 እስከ 1985 ሲሸጥ ስለቆየ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቬደር አካል ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከአካሉ ጋር የመጣው ነገር ነው፦ በቀኝ ክንዱ ውስጥ የሚንሸራተተው ቀይ ሰይፍ፣ ጥቁሩ የቪኒል ካባ፣ ሳይከፈት የቆየ ከሆነ ደግሞ የታሸገበት የካርቶን ካርድና ፊገሩን በላዩ የሚይዘው ፕላስቲክ። ልጆች ሰብረው የሚጥሉት እነዚህን ነው። አስመሳዮችም የሚሠሩት እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ምዘናውም ከእነሱ ይጀመር።

ከዚያ በፊት ግን ስለ አመጣጡ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሻጭ የሚነግራችሁን ታሪክ የምትፈትሹት በእሱ ነውና። የመጀመሪያው የስታር ዎርስ ፊልም የታየው በግንቦት 1977 ነው። ሲንሲናቲ ከተማ የነበረውና በጀኔራል ሚልስ ሥር የሚተዳደረው ኬነር ለዚያ ዓመት የገና ገበያ ፊገሮቹን ማድረስ አልቻለም። ስለዚህ ባዶ ፖስታ መሰል ማሸጊያ ከሰርተፊኬት ጋር ሸጠ፤ ሰርተፊኬቱን ለላከ ልጅ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ አራት ፊገሮች በፖስታ ተላኩለት። አራቱ ሉክ፣ ሌያ፣ ቹባካና አር ቱ ዲ ቱ ናቸው። ቬደር ከመካከላቸው የለም። «ይሄ ቬደር ከዚያ ከመጀመሪያው የፖስታ ጥቅል የመጣ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ ገምቷል። ቬደር የወጣው በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 ፊገሮች አንዱ ሆኖ በካርድ ላይ ነው።

ሰይፉ

ፊገሩን በግራ እጃችሁ ይዛችሁ ቀኝ ክንዱን ከሥር እዩት። በክንዱ ርዝመት የሄደ ቦይ አለ። በቦዩ ውስጥ ብቅ ያለችው ትንሽ ጉጥ የሰይፉ ማንሸራተቻ ናት፤ ወደ ፊት ሲገፏት ሰይፉ ከጭብጡ ይወጣል፣ ሲመልሷት ይገባል። ቶሎ አትግፏት። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰይፍ በቦዩ ውስጥ በአቧራና በቅባት ይያዛል፤ በኃይል ሲገፉት ጉጧ ትሰበራለች ወይም ሰይፉ መሐል ላይ ይታጠፋል። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ክንዱን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩትና በጣት ጫፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያነቃነቃችሁ ልቀቁት።

ሰይፉ ሁለት ውፍረት አለው። ከእጁ የሚወጣው ክፍል ወፈር ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ክፍል አለ። በተለመደው ፊገር ሁለቱ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ናቸው። የሚሰበረው ሁልጊዜ ቀጭኑ ነው፤ ሰይፉ ተመልሶ ወደ ክንዱ ሲገባም እንኳ ጫፉ ውጭ ስለሚቀር በኪስ ውስጥ፣ በሳጥን ውስጥ፣ በልጅ ጥርስ መካከል ያልፋል።

አሁን 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ አውጡና ጫፉን ብቻ እዩ። ከፋብሪካ የወጣ ጫፍ ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ አይስልም፤ ቀለሙም እስከ መጨረሻው ያው ቀይ ነው። ተሰብሮ ወይም ተነክሶ ያጠረ ጫፍ ጠፍጣፋ ወይም ሰያፍ ፊት ይኖረዋል፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ ቀዩ ወደ ነጭነት ይሄዳል። ይህ ንጣት ቆሻሻ አይደለም፤ ፕላስቲክ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ ውስጡ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ብርሃን ስለሚበትኑ የሚታይ ነው። በማጠብም አይለቅም። ንጣቱ ቀጭኑ ከወፍራሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሰይፉ ገና አልተሰበረም፣ ግን አንዴ ታጥፏል፤ ቀጣዩ መታጠፍ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ጫፉ ተሰብሮ ቀሪው በአሸዋ ወረቀት ተሞርዶ ከሆነ ደግሞ በሌንስ ስር በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ደቃቅ ጭረቶች ይታያሉ። ሞርዶ ማለስለስ ስብራትን ከመደበቅ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

በፎቶ ብቻ የምትመዝኑ ከሆነ ርዝመትን በሚሊ ሜትር መገመት አያዋጣም። ከዚያ ይልቅ የፊገሩን አንድ ክፍል መለኪያ አድርጉ፦ የቀኝ እግሩ ጫማ በሰይፉ ርዝመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ያንኑ ትክክለኛነቱ በተረጋገጠ ፊገር ፎቶ ላይ ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ጫፉ ጎድሏል፣ ወይም ሰይፉ የሌላ ነው። ፎቶዎቹ በተመሳሳይ አቅጣጫ የተነሱ መሆን አለባቸው፤ ሰይፉ ወደ ካሜራው ካዘነበለ አጭር ይመስላል።

ቀጥሎ ሰይፉ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጂድ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የቬደር ሰይፍ ቅጂዎች በብዛት ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ በግልጽ «ቅጂ» ተብለው ነው፣ ይህ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ቅጂው በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ ሲያልፍ ያ ቃል መንገድ ላይ ሲቀር ነው። ብዙ ሰው የሚተማመንበት የውሃ ሙከራ አለ፦ ኦሪጅናል ሰይፍ ቀላል ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ በሬዚን (ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚደነድን ፕላስቲክ) የተቀዳው ይሰምጣል ይባላል። መነሻው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ስህተት ያስከትላል። አንደኛው፣ ቀጭንና ቀላል ነገር ከውሃ ቢከብድም በውሃው የገጽ ውጥረት ብቻ ላይ ላዩን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ሰይፉን በጣት ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ከወጣ ያን ጊዜ ነው ተንሳፈፈ የሚባለው። ሁለተኛው፣ አስመሳዮችም ይህን ሙከራ ያውቁታልና የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ የሚጠቀሙ አሉ። የሰመጠ ሰይፍ በጣም ያጠራጥራል፤ የተንሳፈፈ ግን ገና ምንም አላረጋገጠም። ይህን ሙከራ ለማድረግ ብላችሁ ክንዱ ውስጥ በደህና የተቀመጠ ሰይፍ እንዳታወጡ፤ ከሙከራው የሚገኘው መረጃ ከሚደርሰው አደጋ አይበልጥም።

እኔ ከውሃው ይልቅ ብርሃኑን አምናለሁ። ሰይፉን ጠንካራ መብራት ፊት አድርጋችሁ ከተረጋገጠ ኦሪጅናል ጎን ለጎን እዩት። የቀዩ ጥልቀትና ብርሃን የሚያሳልፍበት መጠን ተመሳሳይ መሆን አለበት። የሬዚን ቅጂ ብዙውን ጊዜ ወይ ጭራሽ ብርሃን አያሳልፍም፣ ወይ ውስጡ ጥቃቅን የአየር ነጥቦች ይታዩበታል። በጣት ሲያጥፉት ደግሞ ይገትራል፤ ኦሪጅናሉ ለቀቅ ያለ ነው። (በጣም በቀስታ፣ ወፍራሙን ክፍል ብቻ።)

ስለ ሰይፍ ከተነሳ የሁለት ደረጃውን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። በምርቱ መጀመሪያ ላይ ኬነር ቀጭኑን ጫፍ ለብቻው ሠርቶ በወፍራሙ ውስጥ እንዲንሸራተት አድርጎት ነበር፤ መጀመሪያ ወፍራሙ ከክንዱ ይወጣል፣ ከዚያ ቀጭኑ ከወፍራሙ ይወጣል። ሉክ፣ ቤን ኬኖቢና ቬደር እንዲህ የተሠሩ አሏቸው። አሠራሩ ብዙም ሳይቆይ ቀርቶ ሰይፉ አንድ ወጥ ሆነ። የሉኩ ከሦስቱ በተሻለ ይገኛል፤ የቤንና የቬደር ግን እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ለዚህም ነው የሚፈበረኩት። የተለመደ ሰይፍ ጫፍ ይቆረጣል፣ ወፍራሙ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳል፣ ውስጡ ቀጭን ዘንግ ይገባል። ይህን የሚያጋልጠው ቀዳዳው ነው። በቅርጽ ማውጫ ክፍት ሆኖ የተሠራ ሰይፍ ግድግዳው ዙሪያውን እኩል ነው፤ የተሰረሰረው ግን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ አንዱ ግድግዳ ይሳሳል፣ በሌንስ ሲታይ ውስጡ እንደ ብሎን የዞረ ጭረት ይኖረዋል። በፎቶ ብቻ «ሁለት ደረጃ» የተባለ ቬደር ላይ ማንም አንድም ብር ማስቀመጥ የለበትም። የሚመለከተው ሰው ፊገሩን በእጁ ይዞ፣ ሌሎች የተረጋገጡትን አይቶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ካባው

ካባው ቪኒል ነው፤ ማለትም በማለስለሻ ኬሚካል እንዲለመጥ የተደረገ ፒ.ቪ.ሲ.። ያ ማለስለሻ በጊዜ ብዛት ከፕላስቲኩ ይወጣል። መጀመሪያ ካባው እጅ ላይ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ የካባውን ሁኔታ የሚነግራችሁ ከዓይን በፊት ጣት ነው፦ ያጣብቃል? ሲነኩት ይንኮሻኮሻል? ጣት ላይ ቅባት ይተዋል?

የሚቀደደው ክንድ በሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ጠርዝ ነው። አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ስንጥቅ ካባው ፊገሩ ላይ እያለ በፍጹም አትታይም፣ ምክንያቱም ትከሻው ይሸፍናታል። ሻጩ ካባውን አውልቆ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ፣ ከሥሩ ብርሃን አድርጎ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁ። ማውለቅ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ቪኒሉ ይደርቃልና አትንኩት፤ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ሰይፉን ወደ ክንዱ መልሱት። ሁለቱን ክንዶች ወደ ኋላ አዙሩ፣ ሰይፍ የሌለበትን የግራውን ክንድ አስቀድማችሁ አውጡ፣ ከዚያ ካባው ልቅ ስለሚሆን የቀኙ ሳይጎተት ይወጣል። ከቀኝ የጀመረ ሰው ወይ ካባውን ይቀድዳል፣ ወይ የሰይፉን ጫፍ ያጥፋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም።

የፎርጂድ ካባ ምልክቱ ጠርዙ ነው። የፋብሪካው ካባ በአንድ ምት በመቁረጫ ቅርጽ የተቆረጠ ስለሆነ ጠርዙ ወጥ ነው፣ የክንዱ ቀዳዳዎችም ንጹሕ ናቸው። በመቀስ የተቆረጠ ካባ መቀሱ ቆሞ እንደገና የጀመረበት ቦታ ላይ ትንሽ ጥርስ ይኖረዋል፣ ቀዳዳዎቹም እኩል አይሆኑም። ውፍረቱን በካሊፐር ሦስት አራት ቦታ ለኩ፤ ከተረጋገጠ ካባ ጋር አነጻጽሩ። ካባን የመፈብረክ ነገር በቬደር አልተጀመረም። የጃዋ ፊገር መጀመሪያ በቪኒል ካባ ወጥቶ ቶሎ በጨርቅ ስለተቀየረ የቪኒሉ ጃዋ ብርቅ ሆነ፤ አጭበርባሪዎችም የቤን ኬኖቢን ካባ እየቆረጡ ያለብሱት ጀመር። ያንን የለመደ እጅ ከቬደርም አይመለስም።

የተጠማዘዘ ካባ ማቃናት ይቻላል፦ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ መካከል፣ በላዩ ቀላል ክብደት፣ አንድ ቀን። ካውያ እንዳይታሰብ። የተሰነጠቀን ካባ ማጣበቅ ግን አልመክርም፤ ሙጫው ይደርቅና ስንጥቁ ከሙጫው አጠገብ እንደገና ይከፈታል፣ አሁን ደግሞ ጠባሳ ይዞ።

አካሉ

እግሩን ከኋላ እዩት። እዚያ ጂ.ኤም.ኤፍ.ጂ.አይ. የሚል ምህጻረ ቃል (የጀኔራል ሚልስ የአሻንጉሊት ቡድን ስም ነው) እና 1977 የሚል ዓመት በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል። ብዙ ሰው ይህን ዓመት አይቶ «የ77 ምርት ነው» ይላል። አይደለም። 1977 የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበበት ዓመት ነው፤ በ1984 የተመረተ ቬደርም ያንኑ ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ምልክቱ የሚያገለግላችሁ ዕድሜን ለማወቅ ሳይሆን ኦሪጅናልነትን ለመመርመር ነው፦ ፊደሎቹ ስል ናቸው ወይስ የቀለጡ ይመስላሉ? ከኦሪጅናል ላይ ቅርጽ ወስዶ የተቀዳ ፊገር ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅም ቅጂው ከእናቱ በጥቂቱ ያንሳል። ኦሪጅናሉ ቬደር ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከተረጋገጠ ጓደኛው ጋር ጀርባ ለጀርባ አቁሟቸው፤ ትከሻቸውና ጉልበታቸው መግጠም አለበት።

ጥቁር ፊገር ለምዘና አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል። በነጩ ስቶርምትሩፐር ላይ ወዲያው የሚታየው ቢጫነት በቬደር ላይ አይታይም። የቬደር ችግር ሌላ ነው፦ የተፋቀ ቦታው በቋሚ ጥቁር ማርከር ይቀባል። ቁሩ አናት ላይ፣ የቁሩ የኋላ ከንፈር ዙሪያ፣ አፍንጫው አካባቢ፣ የጫማው ጫፍ ላይ ነው የሚፋቀው፤ ማርከርም የምትፈልጉት እዚያው ነው። ፊገሩን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ በብርሃኑ ፊት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ማርከር የነካው ቦታ በሆነ ማዕዘን ላይ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ነሐስ የሚያደላ ወዝ ያሳያል፤ የፕላስቲኩ ጥቁር ግን በየትኛውም ማዕዘን ጥቁር ነው። ጥርጣሬ ካለ በአልኮል በትንሹ የረጠበ የጥጥ ጫፍ፣ ቀለም ከተቀባ ቦታ ርቃችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጥጡ ከጠቆረ መልሱ ተገኘ። በደረቱ ሳጥንና በቀበቶው ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀለሞች ላይ አልኮል ከነካ ይዟቸው ይሄዳል፤ አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላል።

የእነዚያ ጥቃቅን ቀለሞች ጠርዝም ይናገራል። የፋብሪካው ቀለም ስስና ወጥ ነው፤ አንዳንዴ ከመስመሩ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ይህ ጉድለት አይደለም፣ የብዛት ምርት ጠባይ ነው። በኋላ በብሩሽ የተቀባው ወፈር ብሎ ጠርዙ ላይ ይቆለላል፣ ጉድጓዶች ውስጥ ይጠራቀማል። ከመጠን በላይ ንጹሕ የሆነ ደረት፣ በተጫረ አካል ላይ፣ ሁሌም ያጠራጥራል።

መገጣጠሚያዎቹ አምስት ናቸው፦ አንገት፣ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ዳሌ። ክንዱን አግድም አድርጋችሁ ፊገሩን ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ ክንዱ ከወደቀ ልል ነው። መስታወት ላይ ያለ ድጋፍ አቁሙት፤ ሁለት እግሮቹ በእኩል ካልያዙት ወደ ኋላ ይሄዳል። ልል መገጣጠሚያ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ፊገሩን አይጥለውም። ከዚያ ይልቅ በጎኑ ላይ የሚወርደውን መጋጠሚያ መስመር እዩ፤ የፊትና የኋላ ግማሾቹ እዚያ ላይ ነው የተያያዙት። መስመሩ ላይ የተፈለቀቀ ምልክት ወይም የሙጫ ቅሪት ካለ አካሉ ተከፍቷል፤ የተከፈተ አካል ደግሞ ብዙውን ጊዜ እጅና እግር ለመቀየር ነው። የተቀየረ እግር ወዙ ከሌላው ይለያል፦ አንዱ ደብዛዛ፣ ሌላው አንጸባራቂ። በመጨረሻ እግሩን ገልብጣችሁ የጫማውን ቀዳዳ እዩ፤ የማሳያ መቆሚያ ጉጥ የሚገባበት ነው። በኃይል የተተከለ ፊገር እዚያ ላይ ይሰነጠቃል፣ ፎቶ ላይ ግን ማንም አያሳየውም።

አዲስ ድጋሚ ምርቶችንም ለዩ። አሻንጉሊት አምራቹ ሃስብሮ በ2019 ይህንኑ የቆየ ቅርጽ የያዘ ቬደር በቆየው የካርድ ስልት አውጥቷል። ካርዱን ጥሎ ፊገሩን ብቻ «የድሮ ነው» ብሎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ የሚያጋልጠው የተቀረጸው ምልክትና ዓመቱ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠሩት ሌላ ዓለም ናቸው፤ የቱርክና የፖላንድ ሠራሽ ፊገሮች የራሳቸው ሰብሳቢ አላቸው፣ በራሳቸው መስፈርት መመዘን ይገባቸዋል። በፈቃድ የተሸጡትን ከእነሱ ጋር አታደባልቁ፦ በእንግሊዝ ፓሊቶይ፣ በፈረንሳይ ሜካኖ፣ በጃፓን ታካራ፣ በሜክሲኮ ሊሊ ሌዲ።

ካርዱ ላይ ያለ ከሆነ

ያልተከፈተ ቬደር ሲመጣ ካርዱን ገልብጡና ከኋላ ስንት ፊገር እንደተሣለ ቁጠሩ። 12 ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ፣ ከ1978 ነው። 20 እና 21 ቀጥለው መጡ። የሁለተኛው ፊልም ካርዶች ከ1980 ጀምሮ 31፣ 32፣ 41፣ 45፣ 47፣ 48 እያሉ ያድጋሉ፤ የሦስተኛው ከ1983 ጀምሮ 48፣ 65፣ 77፣ 79 ይደርሳሉ። በ1985 የወጣው የመጨረሻው ተከታታይ 92 ፊገር አሳይቶ ከፊገሩ ጋር የብረት ሳንቲም ይዞ መጣ። ከፊት ያለው የፊልም ስምና ከኋላ ያለው ቁጥር ካልተስማሙ ቆም በሉ።

ፕላስቲኩ ካርዱ ላይ በሙቀት ነው የተጣበቀው። ዙሪያውን ጠርዙን በሌንስ ተከተሉ። ያልተነካ ጠርዝ ከሥሩ ያለውን የካርዱን ሥዕል አስተካክሎ ያሳያል። ተነስቶ የተመለሰ ከሆነ ግን ሥዕሉ ከላይኛው የወረቀት ሽፋን ጋር ተልጦ ነጭ ነጭ ቦታ ይታያል፣ ወይም በጠርዙ ሥር ሙጫ እንደ እንባ ደርቆ ይገኛል። ብዙ ዘመናዊ ሙጫ በዩቪ መብራት ሥር ያበራል። ወረቀቱ ራሱ ቢያበራ ግን ወዲያው ፎርጂድ ነው አትበሉ፤ በዚያ ዘመንም የሚያበራ ማንጫ ያለበት ወረቀት ነበር። የዩቪ መብራት ጥሩነቱ አንድ ካርድ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲያሳይ ነው።

ካርዱ ላይ የሚጎድለው የተለመደ ነገር የግዢ ማረጋገጫው ነው። ልጆች ቆርጠው ለፖስታ ሽልማት ይልኩት ነበር፤ የቦባ ፌት ፊገር በመጀመሪያ የመጣው እንዲህ አራት ማረጋገጫ ለላከ ነው። የዋጋ ተለጣፊ ግን አትላጡ፤ ተለጣፊው ከሚቀንሰው በላይ መላጡ ይቀንሳል። የመስቀያ ቀዳዳው ሳይበሳ የቀረ ካርድ ሰብሳቢዎች ይመርጡታል። በኋላ ከወረቀት ተሞልቶ የተደፈነ ቀዳዳ በጀርባ ብርሃን ሲታይ ጥላው ይለያል።

የደረጃ ድርጅት ሣጥን ውስጥ የታሸገ ከሆነ ከድምር ቁጥሩ በፊት ንዑስ ነጥቦቹን አንብቡ። ኤ.ኤፍ.ኤ. ለምሳሌ ለካርዱ፣ ለፕላስቲኩና ለፊገሩ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል፣ መለኪያውም እስከ 100 ይደርሳል። ሁለት ቬደሮች ሁለቱም 80 ቢሆኑ አንዱ ካርዱ የተጎዳ፣ ሌላው ፕላስቲኩ ቢጫ የሆነ ሊሆን ይችላል። እኔ ካርዱ የተጎዳውን እመርጣለሁ፤ የታጠፈ ካርድ በዚያው ይቆማል፣ ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ ግን መጥቆሩን ይቀጥላል።

ከርቀት የምትገዙ ከሆነ የምትጠይቋቸው ፎቶዎች እነዚህ ናቸው፦ ፊትና ኋላ፣ የእግሩ ጽሑፍ በቅርብ፣ ሰይፉ ገብቶና ወጥቶ፣ የሰይፉ ጫፍ ከማስመሪያ ጋር፣ ካባው ተዘርግቶ፣ የጫማው ሥር። መብራቱ ከጎን ይሁን፤ ከፊት የሚመጣ ፍላሽ የጥቁር ፕላስቲክ ጭረት ሁሉ ያጠፋል። ሻጩ የሰይፉን ጫፍ ለማሳየት ካቅማማ ሰይፍ የሌለውን ቬደር ዋጋ አቅርቡለት።

ከገዛችሁ በኋላ ካባውን ከአካሉ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከቪኒሉ የሚወጣው ማለስለሻ ትከሻው ላይ የማይለቅ ደብዛዛ አሻራ ይተዋል። በ1980 የወጣው የቬደር ቅርጽ ያለው 31 ፊገር የሚይዝ ሣጥን ለመደርደሪያ ያምራል፣ ነገር ግን ካባ እንደለበሱ ለዓመታት ውስጡ የታጨቁ ፊገሮች ላይ ያንን አሻራ ታገኙታላችሁ። ካባውን የምታስገቡበት ከረጢት ፖሊ ኤትሊን ወይም ፖሊ ፕሮፒሊን ይሁን፣ ፒ.ቪ.ሲ. አይሁን። ከፀሐይ ይራቅ፣ ከጣሪያ ሥር ካለ ሞቃት ዕቃ ቤት ይራቅ። ሰይፉን ወደ ክንዱ መልሱት፣ ጫፉ ምንም ነገር እንዳይነካ ፊገሩን በጀርባው አስተኙት።